ከደብዳቤው ጋር ወደ አገሬ ሊላክ ስለታሰበው የሕክምና ወረቀት

ቀን፦ የካቲት 18 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለወረዳው ወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ገንዳ ውሃ

ጉዳዩ፦ ማንነቴን ለማጣራት ወደ ትውልድ ቀበሌዬ የሚጻፈው ደብዳቤ የሕክምና ማስረጃዬ ሳይያያዝበት እንዲላክ፣ ይህ የማይፈቀድ ከሆነም በእጄ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች አገኘሁ ፈረደ በዚህ ከተማ በአንድ የእህል መጋዘን ጆንያ በመስፋት የምተዳደር፣ የግራ እግሬ ከጉልበት በታች የሌለ፣ የሃያ አራት ዓመት ወጣትና የመረብ ኳስ ተጫዋች ነኝ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ጽሕፈታቸውም ከእኔ ያምራል። ሆኖም ጉዳዬ በሌላ ሰው ጆሮ እንዲያልፍ ስላልፈለግሁ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፉትን ደብዳቤዎች አጻጻፍ እያየሁ ሦስት ቀን ሙሉ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ያጎደልሁት ቢኖር ከድፍረት ሳይሆን ከትምህርት ማነስ እንዲቆጠርልኝ አስቀድሜ እለምናለሁ።

1. የወረዳችን የአካል ጉዳተኞች ቡድን ተቀምጦ በሚደረግ መረብ ኳስ በመጪው ሚያዝያ ጎንደር ላይ ለሚካሄደው ማጣሪያ እንዲቀርብ ተፈቅዶለታል። በሜዳ የምንቀመጠው ስድስት ሰዎች ነን፤ ተቀያሪ የለንም። የካቲት 14 ቀን ለምዝገባ ስንቀርብ የአምስቱ ጓደኞቼ መታወቂያ የዚሁ ወረዳ በመሆኑ ወዲያው ተመዘገቡ። እኔ ግን በእጄ ያለው ከትውልድ አገሬ ከደቡብ ወሎ፣ ደላንታ የተሰጠኝ አሮጌ መታወቂያ ስለሆነ የምዝገባው ባለሙያ ስሜን በእርሳስ ጽፈው አቆዩት። እንዳስረዱኝ ከሆነ ባለፈው ዓመት በአንድ ውድድር ላይ ጤነኛ እግሩን በፋሻ ጠቅልሎ የገባ ሰው በመገኘቱ፣ ከሌላ አካባቢ የመጣ ተጫዋች ሁሉ ማንነቱና የጉዳቱ ምክንያት በትውልድ ቀበሌው እንዲረጋገጥ ታዟል። ስለዚህ ደብዳቤው ከሕክምና ወረቀቴ ቅጂ ጋር ሰኞ የካቲት 24 ቀን በፖስታ ይላካል፤ መልሱ እስከ መጋቢት 20 ካልደረሰም ስሜ ይሰረዛል።

ባለሙያው ትሕትና አልጎደላቸውም። «ላንተው ብለን ነው፤ አንተ ምንም አትደክም፣ ሁሉን እኛ እንጨርሰዋለን» ነው ያሉኝ። እኔም በዚያች ሰዓት አመስግኜ ወጣሁ። ክራንቼን ይዤ ከደረጃው እስክወርድ ድረስ ምን እንዳመሰገንሁ አልገባኝም ነበር።

2. ደንቡን አልቃወምም። ጤነኛ ሰው በፋሻ ተጠቅልሎ የሚገባ ከሆነ ደንቡ የወጣው እኛን ለመጠበቅ ነው። የምፈራው ደብዳቤውን ሳይሆን ከደብዳቤው ጋር የሚሄደውን የሕክምና ወረቀት ነው። ለምን እንደምፈራው ለማስረዳት እግሬን እንዴት እንዳጣሁ መግለጽ ግድ ይለኛል።

3. ወደዚህ ቆላ የወረድሁት በነሐሴ 2002 ዓ.ም. ለሰሊጥ ሥራ ነው። በዚህ አገር አጠራር ሳሉግ፣ ማለትም ለወቅቱ ሥራ ከደጋ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ ነበርሁ። ከእኛ መንደር ልጆች ለሥራ ሲወርዱ ሁለት ሁለት ሆነው በአደራ መሰጣጠታቸው ልማድ ነው። ወላጆች ባሉበት አንዱ ለአንዱ ይሰጣል፤ አንዱ ቢታመም ሌላው ጥሎት አይመለስም። እኔ የተሰጠሁት ለጎረቤታችን ልጅ ለደረበ ነው።

መስከረም 21 ቀን 2003 ዓ.ም. ከሽንፋ ማዶ በሚገኝ እርሻ ላይ የሰሊጥ ነዶ ሳነሣ ከሥሩ የነበረ እባብ የግራ ቁርጭምጭሚቴን ነደፈኝ። ከሁሉም ቀድሞ የደረሰልኝ ደረበ ነው። የነዶ ማሰሪያ ገመድ አንሥቶ ከጉልበቴ በታች ባለ በሌለ ኃይሉ አሰረኝ። በአገራችን መርዝ ወደ ልብ እንዳይወጣ የሚደረገው እንዲህ ነው፤ እሱ ተነድፎ ቢሆን እኔም የማደርገው ይህንኑ ነበር። ያን ሰሞን ዝናቡ ገና ስላልተወን የዋልካው ጭቃ ትራክተሩን ውጦ ይዞት ነበር። ደረበ በጀርባው አዝሎኝ አንድ ቀን ከግማሽ ተጓዘ። ገመዱ በላላ ቁጥር ያወርደኝና «ቻል አርገው ወንድምዬ፣ ይኸ ሳይጠብቅ ከቀረ እናትህን ምን ብዬ ላያት ነው» እያለ ደግሞ ያጠብቀው ነበር። ጤና ጣቢያ ስንደርስ እግሬ ጠቁሮና ቀዝቅዞ የሌላ ሰው እግር ይመስል ነበር።

ከዚያ በመኪና ወደ ሆስፒታል ስላክ ደረበ አብሬህ እሄዳለሁ ብሎ በሩን ይዞ ቆመ። የታጨደው ሰሊጥ እየደረቀ ፍሬው ይረግፍ ስለነበር፣ የቀሩትም የመንደራችን ልጆች እጅ ስላነሳቸው «ደኅና ነኝ፣ ሂድ» ብዬ የመለስሁት እኔ ነኝ። አደራውን የፈታሁት እኔ እንጂ እሱ አይደለም። ይህ በማንኛውም ቦታ ቢነሣ በዚህ ጽሑፌ ምስክር እሆነዋለሁ።

4. ሐኪሙ እግሬን ከመቁረጣቸው በፊት የነገሩኝን እስከ ዛሬ በቃሌ አስታውሳለሁ። «እባቡ ብዙም መርዝ አልሰጠህም። እግርህን የገደለው ገመዱ ነው። ማን ነው እንዲህ አርጎ ያሰረህ?» ብለው ጠየቁኝ። «እኔው ራሴ ነኝ» አልሁ።

ይህ ሐሰት መሆኑን ዛሬ ለክቡርነትዎ አሳውቃለሁ። በወረቀቴ ላይ «እግሩን ራሱ ለረጅም ሰዓት በገመድ በማሰሩ የደም ዝውውር ተቋርጦ» ተብሎ የተጻፈው በእኔ ቃል ነው፤ ሐኪሙ ስሕተት የለባቸውም። በሕግ የሚያስጠይቀኝ ከሆነ አምኛለሁ። የምለምነው ያ ጥፋቴና ይህ አቤቱታዬ ለየብቻ እንዲታዩልኝ ነው።

5. በአገሬ ያለው ወሬ ከወረቀቱ የተለየ ነው። ለመንደሬ ልጆች በሰው «ድኛለሁ፤ የእርሻ ካምፕ ጠባቂ ሆኜ ተቀጥሬያለሁና እኔን ሳትጠብቁ ግቡ» ብዬ ላክሁ። እነሱም ገቡ። ስለዚህ ወላጆቼ እባብ እንደነደፈኝና ደረበ አስሮና አዝሎ ከሞት እንዳተረፈኝ ያውቃሉ። እግሬ መቆረጡን ግን እነሱም አያውቁም፣ ደረበም አያውቅም። እናቴ መጨነቋን ትታ እንድትተኛ ብዬ ያደረግሁት ነው፤ ለአንድ ወቅት ያሰብሁት ውሸት ሦስት ዓመት ሆነው።

በጥር 2004 ዓ.ም. አባቴ ታናሽ እህቴን አየሁሽን ለደረበ ዳሩለት። ይህን የሰማሁት ሠርጉን በልቶ በተከታዩ መስከረም ለሥራ ከወረደ ያገሬ ሰው ነው። ጆንያ ስሰፋ መጋዘን ድረስ መጥቶ አገኘኝ፤ ከጉልበቴ በታች በጆንያ ሸፍኜ ሳልነሣ አነጋገርሁት። አባቴ በሠርጉ ላይ ተነሥተው «ልጄን ለመለሰልኝ ልጄን ብሰጠው ምን ያንስበታል» ማለታቸውን ነገረኝ። ሰውየው «ተነሥተህ እንኳ አትስመኝም፣ ቆላው አኮራህ» ብሎ እየቀለደ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ያገሬ ሰዎች ከሚወርዱበት ከነሐሴ ጀምሮ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ወደ መናኸሪያ አልወጣም።

በእኛ ቀበሌ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከሩቅ ሲመጣ የሰውየው ቤተሰብ ተጠርቶ፣ ሽማግሌዎች በተገኙበት ይነበባል። ለመደባበቅ እንዳይሆን የተለመደ በጎ ሥርዓት ነው። ስለዚህ አባቴ፣ እናቴ፣ እህቴና ባሏ ቁጭ ባሉበት የልጃቸው እግር መቆረጡና የቆረጠውም ገመድ መሆኑ ባንድ ጊዜ ይነበባል ማለት ነው። ወረቀቱ «ራሱ አሰረ» ቢልም ማን እንዳሰረኝ የማያውቅ ሰው በመንደሩ የለም፤ ደረበ ራሱ ለሁሉም ተናግሮታል። አባቴ ደግ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ሲቆጡ የሰጡትን መልሰው የሚነሡ ሰው ናቸው። እህቴን ከዚያ ቤት ለማውጣት አንድ ሳምንት የሚታገሡ አይመስለኝም። ከዚያም በላይ የሚያስፈራኝ ደረበ ነው። በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ ትልቁን በጎ ነገር በሰው ፊት ቆሞ እንደ ጥፋት ሲነበብበት መስማቱ ነው። እግሬን ማጣቴ ሲነገር መቻል እችላለሁ፤ ይህን ግን አልችልም።

6. ታዲያ ይህን ያህል የሚፈራ ሰው ጨዋታውን ትቶ ለምን አይቀመጥም የሚል ሐሳብ ለክቡርነትዎ ቢመጣ ትክክል ነው። እኔም ይህን መጻፍ ከመጀመሬ በፊት ለራሴ ያልሁት ይህንኑ ነበር። ስለዚህ ጨዋታው ምን እንዳደረገልኝ ባጭሩ አስረዳለሁ።

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ አሥራ አራት ወር ከመጋዘኑና ከምተኛበት ክፍል በቀር የትም አልሄድሁም። ሰው ሲያየኝ መጀመሪያ የሚያየው የሌለኝን ነው። በመጋዘኑ ያሉ ጫኝና አውራጆች ስሜን እያወቁ «ቆራጣው» ነበር የሚሉኝ፤ ጆንያው ካለቀ «ቆራጣውን ጥሩት» ይባላል፤ እኔም እሺ እል ነበር። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለሁ ነው መሐመድ የተባለ የመተማ ዮሐንስ ልጅ ጆንያ ሊያሰፋ የመጣው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በፖሊዮ ሁለት እግሩ የሰለለ፣ በእጁ በሚገፋ ባለሦስት ጎማ ሆኖ በድንበሩ ከተማ የሚነግድ ሰው ነው። ጣቶቼን ሲያይ ቆየና «ያ ዞል፣ ይኸ እጅህ ከጆንያ ሌላ ነገር አያውቅም?» አለኝ፤ ያ ዞል በሱዳኖቹ አነጋገር «አንተ ሰው» ማለት ነው። በማግሥቱ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህርት ከሆኑት ከፍቅርአዲስ ዘንድ ወሰደኝ። ቡድናችንን ያሰባሰቡትና ያለ ደመወዝ የሚያሠለጥኑን እሳቸው ናቸው።

ጨዋታው በሜዳ ላይ ተቀምጦ፣ መረቡ ዝቅ ተደርጎ የሚደረግ ነው። ሲመቱ መቀመጫ ከመሬት መነሣት የለበትም፤ ከተነሣ ጥፋት ነው። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት የዚህ አገር መሬት ዋልካ ነው፤ በክረምት ይውጣል፣ በበጋ ክንድ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ቆሞ ለሚሮጥ ሰው እንኳ አስቸጋሪ የሆነው ስንጥቅ፣ ተቀምጦ በእጁ ለሚንፏቀቅ ሰው ጉድጓድ ነው። ስለዚህ የምንጫወተው ሰሊጥ የሚራገፍበትን ሸራ በስንጥቁ ላይ ዘርግተን ነው። ሸራውን የሚያውሱን አንድ ባለእርሻ ናቸው። በመኸር ጊዜ ለሥራቸው ስለሚወስዱት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ልምምድ የለንም። ሙቀቱ ስለሚከለክለንም ፀሐይ ሳትበረታ በጠዋት አንድ ሰዓት ብቻ እንሠራለን። በሸራው እጥፋት የቀረ ሰሊጥ ላባችን ላይ ስለሚጣበቅ መጋዘን ስገባ ገና ሳልሠራ ሰሊጥ ለብሼ ነው። ባጃጆች ክራንች ያየ ዓይናቸውን ወደ ሌላ ስለሚያዞሩ ከሜዳ ወደ ሥራ የምመለሰው በእግሬ ነው። ኳሳችን አንድ ነው፤ እሾህ በወጋው ቁጥር የምጠግነው እኔ በጆንያ መርፌ ነው። እነዚህን የጻፍሁት ለመውቀስ አይደለም፤ ይህ ሁሉ እያለ አንድም ቀን ያልቀረሁ መሆኔ እንዲታወቅልኝ ነው።

አንድ ጠዋት ጫኝና አውራጆቹ ሥራ ከመግባታቸው በፊት ከሜዳው ዳር ቆመው ሲያዩን፣ አንደኛው «ቁጭ ብለው ነው እንዴ፤ ይኸማ ገበጣ ነው» አለ። መሐመድም «ገበጣ ከሆነ ጠጠርህን ይዘህ ቁጭ በላ፣ ማን ከለከለህ» አለው። ስድስት ሆነው ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ። በቀን ስንትና ስንት ኩንታል የሚሸከሙ ሰዎች ናቸው። አሥራ አምስት ለአራት አሸነፍናቸው፤ አራቱንም ነጥብ ዳኛ የነበሩት መምህርት አዝነው የሰጧቸው ይመስለኛል። ያው ሰው አቧራውን እያራገፈ «መሬት እንዲህ የሚያደክም አይመስለኝም ነበር» ሲል መሐመድ «እኛ ለምደነዋል፣ ቀስ ብለህ ትለምዳለህ» ብሎ እጁን ጨበጠው። ከዚያ ቀን በኋላ በመጋዘኑ ስጠራ አገኘሁ ተብዬ ነው። አንድ ቀን በስሕተት በድሮው ስም የጠራኝን ልጅ ሌላው ጫኝ ሲቆጣው ሰማሁ፤ ፊቴን ወደ ጆንያው መልሼ መስፋቴን ቀጠልሁ።

ሌላም አንድ ነገር አለ። የሌለው እግሬ ያሳክከኛል፣ ገመዱ እንዳለበት ሆኖም ይጠብቀኛል። ኳስ በምጫወትበት ሰዓት ግን አይጠብቀኝም። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለማመልከቻ የሚገባ ነገር ይሁን አይሁንም አላውቅም።

ስለዚህ ጨዋታውን ብተው የምጎዳው እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ ዝም ብዬ እሰረዝ ነበር። ነገር ግን እኔ ከወጣሁ አምስት ይሆናሉ፤ አምስት ሰው ደግሞ ወደ ሜዳ አይገባም። መሐመድ በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ጎንደርን አይቶ አያውቅም። ካሁኑ ፀጉሩን የት እንደሚቆረጥ እያማከረኝ ነው።

7. ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የሚከተለውን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሀ) በዚህ ከተማ ሦስት ዓመት ያህል መኖሬን የሚያውቁ የመጋዘኑ ኃላፊና መምህርት ፍቅርአዲስ ቃላቸውን ሊሰጡ ፈቃደኞች ናቸው። እግሬንም ጽሕፈት ቤቱ በፈለገው ሐኪም ፊት ፈትቼ ለማሳየት ዝግጁ ነኝ፤ በፋሻ የተጠቀለለ ነገር የለውም። ይህ በቂ ሆኖ ከተገኘ ወደ ትውልድ ቀበሌዬ መጻፉ እንዲቀርልኝ፤

ለ) የግድ መጻፍ አለበት ከተባለ፣ አገኘሁ ፈረደ የተባለ ሰው የቀበሌው ተወላጅ መሆን አለመሆኑ ብቻ እንዲጠየቅና የሕክምና ወረቀቱ እንዳይያያዝ፤ በደብዳቤው የጉዳይ መስመር ላይም «አካል ጉዳተኛ» የሚለው ቃል እንዳይገባ፤

ሐ) ሁለቱም በደንቡ የማይቻሉ ከሆነ፣ ደብዳቤው ከነአባሪው ታሽጎ በፖስታ ሳይሆን በእጄ እንዲሰጠኝና የምደርስበት አሥር ቀን እንዲፈቀድልኝ።

ይህን ሦስተኛውን ስጽፍ እጄ ብዙ ጊዜ ቆሟል። ሁለቱን ብቻ ጽፌ ልጨርስ አስቤ ነበር። ነገር ግን ክቡርነትዎ ሁለቱንም በደንብ ምክንያት ሊከለክሉኝ እንደሚችሉ ይገባኛል፤ ያን ጊዜ ዝም ብዬ ብቀመጥ ደብዳቤው በፖስታ እኔን ቀድሞ ይገባል። እኔ ሳልኖር ከሚነበብ እኔው ይዤው ብገባ ይሻላል። መንገዱ በጎንደር አድርጎ በጋሸና እስከ ደላንታ ሦስት ቀን ነው፤ በክራንች አራት ይሁን።

ከደረስሁም መጀመሪያ የምገባው ወደ ወላጆቼ ቤት አይደለም። ደረበን ለብቻው ጠርቼ እግሬን አሳየዋለሁ፤ ሐኪሙ ያሉትንም በቃሌ እነግረዋለሁ። እንዳልተቀየምሁት፣ እሱም ባይደርስልኝ ኖሮ በዚያ ጭቃ ማን ያዝለኝ እንደነበር እንደማላውቅ እነግረዋለሁ። ከዚያ በኋላ ፈቃዱ የእሱ ነው። ይነበብ ካለኝ ደብዳቤውን ለቀበሌው እሰጣለሁ፤ ሽማግሌዎች ሲያነቡትም «ራሱ አሰረ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ተነሥቼ እውነቱን የምናገረው እኔ እሆናለሁ፣ እሱም አጠገቤ ይቆማል። አይነበብ ካለኝ ማኅተሙ ሳይፈታ ለጽሕፈት ቤቱ እመልሳለሁ። ያን ጊዜ ስሜ እንደተሰረዘ ይቅር፤ ሁለተኛ አቤት አልልም። መምህርት ፍቅርአዲስ የባሰ ከመጣ ከሽንፋ አንድ እንደኛው አካል ጉዳተኛ የሆነ ልብስ ሰፊ አውቃለሁ ብለዋል፤ እጁ ገና ቢሆንም መታወቂያው የዚህ ነው። አምስቱ ጓደኞቼ በእኔ ምክንያት እንዳይቀሩ የእሱ ምዝገባ እስከ መጋቢት 20 ክፍት ሆኖ እንዲጠብቅልኝ አደራ እላለሁ።

ክቡርነትዎ ከሦስቱ የትኛውን እንደሚፈቅዱልኝ አላውቅም፤ ደረበም ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ብቻ በየትኛውም መንገድ ቢሆን ይህን ነገር ከወረቀት ሳይሆን ከእኔ አፍ፣ ከሁሉም በፊት እሱ ይስማው። ልመናዬ ሲጠቃለል ይህ ነው።

ሰኞ ከመድረሱ በፊት መልስዎን በበሩ ቆሜ እጠባበቃለሁ።

ከትሕትናና ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አገኘሁ ፈረደ
ገንዳ ውሃ

ግልባጭ፦ ስለ ጉዳዩ ጠባይ ለማንም አላደረግሁም።